ፓፉ አይነፋም፣ ይሳባል

ሴትዮዋ የመጡት ከሮብ ገበያ ወዲያ፣ ከጮቄ ግርጌ ካለ ቀበሌ ነው። ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ተነስተው ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በመኪና ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ ረፍዷል። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ሰማያዊ ፓፍ፣ ለአስምና ለመሰል የትንፋሽ ሕመም በአፍ የሚሳበውን የሚረጭ መድኃኒት፣ አወጡና ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር አልሠራልኝም። ሌላ ስጠኝ።»

መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። እንዲህ የሚል ሰው በየሳምንቱ አይጠፋም። ድሮ ቢሆን «ሐኪም ይቀይርልዎ» ብዬ እሸኝ ነበር። አሁን አንድ ልማድ አውጥቻለሁ፤ ሌላ ነገር ከማለቴ በፊት «እማማ፣ እስቲ እንዴት እንደሚወስዱት ያሳዩኝ» እላለሁ።

አሳዩኝ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ፓፉን ግማሽ ስንዝር ያህል አርቀው ያዙ፣ ሁለቴ ጫን ጫን አደረጉና ዋጥ! ልክ ውሃ እንደሚዋጥ። ከከንፈራቸው ዳር ነጭ ጉም ብን ብሎ ወደ ጣሪያው ሄደ። የሦስት ወር መድኃኒታቸው የሄደው ወደዚያው ነው።

«ማን ነው እንዲህ ያሳየዎት?»

«ማን ያሳየኛል? ‘ሲነሳብዎ ይንፉት’ አለና ሰጠኝ።»

ይንፉት። እዚህች ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ። በአማርኛችን ኳስ ይነፋል፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ ዱቄትም ይነፋል። ንፉት ሲባል ትንፋሹ የሚሄደው ከሰውየው ወደ ዕቃው ነው። ይሄ መድኃኒት ደግሞ መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው። ግን እኛ ራሳችን፣ ሐኪሙም ነርሱም እኔም፣ «የሚነፋ መድኃኒት» ብለን ስም አወጣንለት። አንድ ደንበኛዬ የተባለውን በትክክል ፈጽሞ ፓፉ ውስጥ እፍ ይልበት ነበር። እሱ ምን አጠፋ? እኔ አሁን «ይንፉት» ማለት ትቻለሁ። «ይሳቡት»፣ ካልገባቸውም «ማግ ያድርጉት» ነው የምለው። ግማሹ ሥራ በዚህ ያልቃል።

ለምንድነው መሳቡ ይህን ያህል ቁም ነገር የሆነው? አስም ሲነሳ ሳንባ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎች ይጠባሉ፤ በዙሪያቸው ያለው ጡንቻ ይጨብጣቸዋል፣ ግድግዳቸው ያብጣል፣ አክታ ይሞላባቸዋል። ያ ሲር ሲር የሚለው ድምፅ በጠበበ ቀዳዳ የሚያልፍ አየር ነው። መድኃኒቱ መድረስ ያለበት እዚያ ነው፣ ሆድ ውስጥ አይደለም። ፓፉ ሲጫኑት ደግሞ መድኃኒቱ በኃይል ተወርውሮ ነው የሚወጣው። በዚያች ቅጽበት ሰውየው አየር እየሳበ ካልሆነ መድኃኒቱ መታጠፍ አይችልም፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ ምላስና ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። አሳምሮ የሚወስድ ሰው እንኳ ከአንዱ ጭምቅ (አንዴ ሲጫን ከሚወጣው) ውስጥ ሳንባው የሚደርስለት ከ10 እስከ 20 በመቶ ቢሆን ነው። አሳምሮ ለማይወስደው የሚተርፈውን አስቡት።

በነገራችን ላይ ይህ ዕቃ ከሽቶና ከፀጉር ስፕሬይ ጋር ዝምድና አለው። እንደ ፈረንጆቹ በ1956 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸውም ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ነው አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ለገበያ የወጣው። ታሪኩ እንደሚነገረው የአንድ መድኃኒት ፋብሪካ ኃላፊ የ13 ዓመት ልጅ አስም ነበረባትና «የኔስ መድኃኒት ለምን እንደ ፀጉር ስፕሬይ አይሆንም?» ብላ አባቷን ጠየቀችው። ስለዚህ እማማ እንደ ሽቶ ቢረጩት አልፈርድባቸውም። ዘሩ ከዚያው ነው።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። ክዳኑን አውልቁና መጀመሪያ ቀዳዳውን እዩት፤ ከኪስና ከነጠላ ጫፍ የገባ የቆሎ ገለባ፣ አንዴም ሳንቲም አግኝቼበታለሁ፣ እሱን አብሮ መሳብ ቀልድ አይደለም። ከዚያ አራት አምስት ጊዜ ናጥ ናጥ አድርጉት፣ ውስጡ ያለው ይደባለቅ። አዲስ ከሆነ ወይም ብዙ ቀን ሳይነካ ከቆየ ጥቂት ጊዜ ወደ አየር ጫን ጫን አድርጉና ሞክሩት። ቀና ብላችሁ ተቀመጡ ወይ ቁሙ። አሁን ትንፋሻችሁን ወደ ውጭ አውጡ፣ ፓፉ ውስጥ ሳይሆን ወደ ጎን። ይህችን ሁሉም ይዘላታል። የሞላ እንስራ ላይ ውሃ አይጨመርም፤ ሳንባውን ሳያጎድሉ ምን ሊስቡ ነው? ቀጥሎ አፉን በከንፈር ግጥም፣ ምላስ ዝቅ። ከዚያ ቀስ ብሎ መሳብ ይጀመርና ወዲያው አንዴ ጫን፣ መሳቡ ግን አይቋረጥም፣ ቀስ እያለ ሳንባው እስኪሞላ ይቀጥላል። ጀበና አጠገብ ተቀምጦ የሚቆላውን ቡና ሽታ ቀስ አድርጎ እንደሚስብ ሰው። (የቡናው ጭስ ራሱ ለአስም ጠላት መሆኑን አልረሳሁትም፣ ምሳሌው ግን ለሁሉም ይገባል።) ከዚያ ከንፈር እንደተገጠመ ትንፋሽ ይያዝ። አስር ሰከንድ።

አስር ሰከንድ ለብዙ ሰው ረጅም ነው። ሰዓት የሌላቸው ሲመጡ «በልብዎ አቡነ ዘበሰማያትን ይጀምሩ፣ ፈቃድከ ሲደርሱ ይልቀቁት» እላለሁ፣ ቀስ ብሎ ለሚያደርስ ሰው ልኩ ነው። አንድ መሪጌታ አሉ፣ ሕመማቸው ከብዙ ሰው ይብሳል፣ አወሳሰዳቸው ግን እንደሳቸው ያለ አላየሁም። ልጅነታቸውን ሙሉ ዜማ ሲማሩ ትንፋሽ መቆጠብ ነው የተማሩት። መቼ እንደሚሳብ፣ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚለቀቅ ለሳቸው አይነገራቸውም። እኔን ነው ያስተማሩኝ ማለት ይቻላል።

ሁለተኛ ጭምቅ ከታዘዘ ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ይጠበቅና፣ እንደገና ተናጦ፣ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። አከታትሎ ቀጭ ቀጭ ማድረግ አይሆንም።

ይህን ሁሉ ስላችሁ አዋቂ መስዬ እንዳልታያችሁ። ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ራሴ በስህተት ሳሳይ ነበር። በኃይል ነበር የማስባቸው፣ «ጠንከር አድርገው!» እያልኩ። በኃይል መሳብ ለሌላ ዓይነት ዕቃ ነው፣ ዱቄት ላለበት። የዱቄቱ ዓይነት በራሱ አይረጭም፣ የሚያወጣው የበሽተኛው ሳቢ ጉልበት ነው፤ ስለዚህ ፈጣንና ጠንካራ ስበት ይፈልጋል። አይናጥም። ውስጡ መተንፈስማ አይታሰብም፣ በሶ በአፍ ይዞ መሳቅ ማለት ነው። ሁለቱን ማቀላቀል የብዙ ባለሙያ ችግር ነው፣ የኔም ነበር።

ደግሞም የኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። በ2016 የወጣ አንድ ሰፊ ግምገማ የአርባ ዓመት ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር፣ ከ54 ሺህ በላይ ሰው ያለባቸውን። ዕቃውን በትክክል የሚወስደው ከመቶ 31 ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ወደ ግማሽ የሚጠጋው መጫኑንና መሳቡን አያገጣጥምም፣ ግማሽ የሚጠጋው ትንፋሽ አይዝም። በጣም የሚያናድደው በአርባ ዓመት ውስጥ ምንም አለመሻሻሉ ነው። ዕቃው ተቀያየረ፣ ፋብሪካው በዛ፣ የሰው አወሳሰድ ያው። ሀብታም አገር፣ ስልጡን ሆስፒታል፣ ያው። ታዲያ እኛ ጋ ወረፋው አርባ ሰው ሆኖ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ እንኳ በማይደርስበት ክፍል ምን ይጠበቃል?

አሁን ወደ ሃይላንድ ልምጣ። አዎ፣ የውሃ ፕላስቲኩ። መጫንና መሳብ ማገጣጠም ላቃተው፣ በተለይ ለሕፃንና ለሽማግሌ፣ በመሀል የሚገባ ባዶ ዕቃ አለ፣ ስፔሰር ይሉታል። መድኃኒቱ መጀመሪያ እዚያ ውስጥ ይረጫል፣ ፍጥነቱ ይበርዳል፣ ከዚያ ሰውየው ተረጋግቶ ይስበዋል። የፋብሪካው ስፔሰር እኛ ጋ በቀላሉ አይገኝም፣ ሲገኝም ኪስ ይጎዳል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ግን በ1999 አስም የተነሳባቸውን ሕፃናት በግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ሞክረው ውጤቱን አወጡት፦ በደንብ የታሸገው ጠርሙስ ከፋብሪካው ስፔሰር አላነሰም። ክፍተት ያለው ጠርሙስ ግን ያን ያህል አልሠራም። ስለዚህ ማሸጉ ላይ ነው ነገሩ።

ባንኮኒዬ ስር ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ባዶ ሃይላንድ አለ። ግማሽ ሊትሩን ነው የምፈልገው። ወፈር ያለ ሽቦ በፓፉ አፍ ልክ አጥፌ አዘጋጅቻለሁ፤ እሱን አግዬ የጠርሙሱን ቂጥ እወጋዋለሁ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ የፓፉን አፍ ቅርፅ ይይዛል። ቀዳዳው ጠበብ ብሎ ፓፉ ተገፍቶ ቢገባ ይሻላል። ዙሪያውን በፕላስተር እጠቀልላለሁ፣ ከውጭ ብቻ። ከዚያ በኦሞ ታጥቦ ሳይወለወል በራሱ ይደርቃል። ይሄን አለመወልወል ሰው አያምነኝም። ፕላስቲክ ሲታሽ እንደ ማበጠሪያ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ የመድኃኒቱን ብናኝ ወደ ግድግዳው ይስበውና ለሳንባው አያስቀርለትም። የሚሳበው በጠርሙሱ አፍ በኩል ነው። አንዴ ይጫንና አራት አምስት ጊዜ ቀስ ተብሎ ይተነፈሳል፣ ከዚያ ሌላ አንድ። አምስቱን ባንድ ጊዜ ረጭቶ መሳብ የለም። ጠቅላላው አስር ደቂቃ አይፈጅም፣ ዋጋው የሃይላንዱ ነው፣ እሱም ባዶው።

ለእማማ ሠራሁላቸው። እየሠራሁ ሳለ ሌላ ነገር ጠየቅኳቸው፣ «ቡኒውስ?» አልኳቸው።

«እሱ ምንም አይልም፣ ተውኩት።»

የአገሩ ሁሉ ችግር እዚህ ጋ ነው። ሰማያዊው ሳልቡታሞል ነው። በደቂቃዎች ውስጥ የጨበጠውን ጡንቻ ይፈታል፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያል፣ ያበቃል። እብጠቱን አይነካውም። እብጠቱን የሚያበርደው ቡኒው ነው፣ ቤክሎሜታሶን። እሱ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ በቀናትና በሳምንታት ነው ሥራው የሚታየው፣ ለዚያም በየቀኑ ጧትና ማታ ከተወሰደ። (ቀለሙ እንደ ፋብሪካው ይለያያል፣ ስሙን ማንበብ ወይም ማስነበብ ይሻላል።) ሰው ግን ቶሎ የሚፈታውን ነው የሚወደው። ጊና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ከ2019 ጀምሮ አዋቂና አፍላ ወጣት ሰማያዊውን ብቻውን ይዞ እንዳይኖር ይላል። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ሰማያዊ ፓፍ የሚጨርስ ሰው አስሙ በክፉ ሊነሳበት ቅርብ ነው። እኔ በወር አንድ የሚወስዱ አውቃለሁ። ሸጬላቸዋለሁም። አሁን ግን «ቡኒው የት አለ?» ሳልል አልሰጥም፣ የሚቆጡኝም አሉ።

ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ የሚቆረጥበት፣ ከንፈሩ የሚጠቁር፣ ጎድኑ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ ሰማያዊው ወስዶ አራት ሰዓት ያላቆየለት ሰው ግን ምንም ምክር አያስፈልገውም፣ መኪና ነው የሚያስፈልገው። እስኪደርስ ሰማያዊውን በሃይላንዱ ይሳብ፣ አንድ በአንድ።

ቡኒውን ከሳቡ በኋላ አፍን በውሃ ተጉመጥምጦ መትፋት አለ። ያለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ያወጣል፣ ድምፅ ያጎረንናል። በጾም ሰሞን ይቺ መጉመጥመጥ ስንት ጥያቄ አምጥታብኛለች! ፓፉስ ጾም ይገድፋል ወይ? እኔ ቄስ አይደለሁም፣ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ እላለሁ። ጠይቀው የተመለሱልኝ ሁሉ «ታመህ የምን ጥያቄ ነው፣ ውሰድ እንጂ» ተብለው ነው የመጡት።

አንድ ሂሳብ ደግሞ እነሆ። ፓፍ ከሚፈሩ ሰዎች ብዙዎቹ ክኒኑን ይመርጣሉ፣ «ፓፍ ሱስ ያስይዛል፣ አንዴ ከያዘህ አይለቅህም» ይላሉ። አንዱ የሳልቡታሞል ክኒን 4 ሚሊግራም ነው። ሁለት ጭምቅ ፓፍ 200 ማይክሮግራም። ሃያ እጥፍ! ክኒኑ በሆድ አልፎ፣ በደም ዞሮ፣ እጅ አንቀጥቅጦ፣ ልብ አስደልቆ ነው ሳንባ የሚደርሰው። ሱስ የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሰው ፓፍ ሲጀምር ሕመሙ ቀድሞም የቆየ ነው፣ ሲያቆም ሕመሙ ይመለሳል፣ ጥፋቱ በፓፉ ይላከካል። መነጽር ያወለቀ ሰው ማየት ሲያቅተው መነጽር ሱስ አስያዘው አይባልም።

ሱሱ ቢቀር እንኳ ሀፍረቱ አለ። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ፓፏን ከቦርሳዋ ስር ቀብራ ነው የምትሄደው፣ «አስማታም» ተብላ ባል እንዳታጣ። ሲነሳባት ሽንት ቤት ገብታ ቸኩላ ሁለቴ ጫን ታደርግና ትወጣለች። መናጥ የለ፣ ማስወጣት የለ፣ መያዝ የለ። እናትየዋ ደግሞ «መድኃኒቱ አልያዛትም» ብለው ወደ ጸበል፣ ካልሆነም ወደ መርፌ። ጸበሉን አልቃወምም፣ ፓፉን ይዘው ይሂዱ ነው የምለው።

ፓፉ መቼ እንደሚያልቅ የማያውቅም ሞልቷል። ብዙዎቹ 200 ጭምቅ ናቸው። ሰዎች ብልቃጧን ውሃ ውስጥ ከተው «ተንሳፈፈች፣ አልቃለች» ይላሉ፣ አትመኑት፣ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ግፊቱ ይረጫል፣ ውሃውም ቀዳዳዋን ይደፍናታል። መቁጠር ነው። ቡኒውን ጧት ሁለት ማታ ሁለት ለሚወስድ 50 ቀን ነው፤ እማማን «በፋሲካ ከጀመሩት በጰራቅሊጦስ ያልቃል» አልኳቸውና ሳቁ፣ ግን ገባቸው። የጮቄን ብርድም አትርሱት። ብልቃጧ ከቀዘቀዘች በደንብ አትረጭም፣ ብብት ስር ወይም መዳፍ ውስጥ ትንሽ ትሙቅ። እንዳይበርዳት ብሎ ምድጃ ዳር ማንጠልጠል ግን አይሆንም፣ ልትፈነዳ ትችላለች።

ምድጃ ካልኩ አይቀር። እማማ አስም ይሁን ሌላ በመጀመሪያ አላወቅኩም ነበር። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው፣ ሲጋራ በሕይወታቸው ነክተው አያውቁም፣ ሕመሙ መጥቶ የሚሄድ ሳይሆን በየዓመቱ እየባሰ የሚቆይ ነው። እንጀራ፣ አረቄ፣ ጠላ፣ ለአርባ ዓመት በአንድ ጎጆ ውስጥ፣ ጭሱ መውጫ የለው። ሲኦፒዲ የሚባለው ስር የሰደደ የሳንባ ሕመም እንዲህ ነው የሚገነባው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 ይህ ሕመም 3.5 ሚሊዮን ሰው ገድሏል፤ በሀብታም አገር ከ70 በመቶ በላዩ ከትምባሆ ነው፣ እንደኛ ባለው አገር የትምባሆው ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው፣ የቤት ውስጥ ጭስ ከዋናዎቹ አንዱ ነው። እኛ «ብርድ መታኝ» እንለዋለን። አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ቆርጠው ከሰል የሚያከስሉት ወጣቶች ዛሬ ደህና ናቸው፣ የሃያ ዓመት በኋላውን ግን እፈራለሁ። በዚህ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ የጤፍ ውቂያ አቧራ አለ። ድሮ ቲቢ የያዘው ሰው ሳንባም ለዚህ ሕመም የተመቸ ነው፣ ስለዚህ ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው መጀመሪያ አክታ ይመርመር።

የሲኦፒዲን ሳንባ ፓፍ አያድሰውም። ግን ያግዘዋል፣ ውጭ ወጥቶ ውሃ እስከመቅዳት ያግዘዋል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ጣታቸው የደከመ፣ ዓይናቸው የፈዘዘ ነው። በሁለት እጅ ይጫኑት፣ ካልቻሉ ልጅ ልጃቸው ይጫንላቸው። ለዚህ ልጁን ነው ማስተማር።

«እስቲ ያሳዩኝ» ማለት አንዴ ብቻ አይበቃም። ያስተማሩት ሰው ከአራትና ስድስት ሳምንት በኋላ ወደ ድሮው ይመለሳል፣ የአስም መመሪያው ራሱ ይህንን ይላል፣ እኔም አይቻለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ስለ ክትባቱ ጠይቃ ስትጨርስ «ፓፍ ያለው አለ? አሳዩኝ» ብትል ሁለት ደቂቃ ነው። ያለ በጀት የሚሠራ ነገር ስንት አለ?

ያለ በጀት የማይሠራው ደግሞ አለ። የጤና መድን ደብተር ይዞ የመጣ ሰው ጤና ጣቢያው ላይ ሰማያዊው አለ፣ ቡኒው የለም ይባላል። ከኪሱ ሊገዛ ወደ እኛ ይመጣል። መንገድ በተዘጋ ሳምንት እኛም ጋ የለም።

እማማ ጰራቅሊጦስ ባለፈ በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ሃይላንዱን በዳንቴል አልብሰውታል፣ ነጭ ክር በዳሩ ቀይ። ጎረቤታቸውን አስከትለዋል፣ ሴትዮዋም ሐኪም ቡኒውን ያዘዘላቸው ወረቀት በእጃቸው ነው። እኔ አፌን ሳልከፍት እማማ ፓፋቸውን አውጥተው ያሳዩአቸው ጀመር። «አትንፊው አልኩሽ እኮ! መጀመሪያ አስወጪ። አሁን ሳቢው፣ ቀስ፣ ቀስ...»

መደርደሪያዬ ላይ ቡኒ አልነበረም። ደወልኩ። ሦስተኛው መድኃኒት ቤት «አንድ ቀርቶኛል» አለኝ። የመጡት ሁለት ናቸው።